የቡናውን ትዕይንት ሦስት ጊዜ ቀረጽነው

ሰባት ዓመት ሰርግ ስቀርጽ ኖሬያለሁ። ሙሽራ ስትወጣ፣ ሚዜ ሲጨፍር፣ ሽማግሌ ሲመርቅ፣ ኬክ ሲቆረስ። ሰርግ የቀረጸ ሰው እጁ አንድ ነገር ይለምዳል፤ ሁሉም ይታይ። የሙሽራዋ እናት ፊት ጨለም ካለ ስልክ ይደወልልሃል። የአጎትየው ፊት በግማሽ ከተቆረጠ ደግሞ እስከ ቅልቅሉ ድረስ ትወቀሳለህ። ስለዚህ መብራቱን ካሜራው አናት ላይ ትሰካለህ፣ ሰዉን ከፊት ለፊት ታበራለህ፣ የቻልከውን ያህል ፍሬም ውስጥ ታጭቃለህ። ሥራውን አልንቀውም። አሁንም የቤት ኪራዬን የሚከፍለው እሱ ነው።

ጉዱ የመጣው ከጓደኞቼ ጋር አጭር ፊልም ልንሠራ የተነሳን ጊዜ ነው። ይህን የምጽፈው እንደኔ ከሰርግ፣ ከክሊፕ ወይም ከስልክ ካሜራ ተነስቶ ወደ ፊልም ለሚገባ ሰው ነው። እኔ አንድ ትዕይንት ሦስት ጊዜ ቀርጬ ያወቅኩትን እሱ በአንዱ ቢገላገለው ብዬ ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ልጅቷ ቤሩት ስድስት ዓመት ሠርታ ትመለሳለች። አባቷ ከሞተ ስምንት ወር ሆኖታል። አልነገሯትም። መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ሰው አገር፣ ብቻዋን፣ ማን ይዟት? አውሮፕላኑ ሌሊት ነው የገባው። እናትየው ከሏን አውልቃ፣ ደህና ቀሚስ ለብሳ ትቀበላታለች። ቡና ታፈላለች። ሊነጋጋ ሲል ጎረቤት ተሰብስቦ ይገባና ይነግራታል። ትዕይንታችን ከዚያ በፊት ያለችው ሰዓት ናት፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል። ልጅቷ «አባዬስ?» ትላለች። እናት «ገጠር ወርዷል፣ ነገ ይመጣል» ትላለች። የቀረው ወሬ የሰፈር ወሬ ነው። እገሊት አገባች፣ የነ እገሌ ቤት ለመንገድ ፈረሰ።

ከአፋቸው የሚወጣ ሐዘን የለም። ሐዘኑን መናገር የነበረብን እኔና ካሜራዬ ነን። እኔ ደግሞ እስከዚያን ቀን ካሜራ ይናገራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የመጀመሪያው ቀን የሰርግ እጄን ይዤ ሄድኩ። ቤቱ የአንዳችን ዘመድ ቤት ነው፣ ጉለሌ፣ የጭቃ ቤት፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ የሆነ። ሁለት የኤልኢዲ መብራት ግራና ቀኝ አቆምኩ። ካሜራውን በቆምኩበት፣ በደረቴ ቁመት ተከልኩት። እናትና ልጅ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉም ይታያል። ጀበናው፣ ረከቦቱ፣ የቴሌቪዥኑ ዳንቴል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ሳይቀር። ጓደኞቼ ሞኒተሩን አይተው «ጥርት ያለ ነው!» አሉኝ። እኔም ኮራሁ።

አቀናብሬው እናቴን አሳየኋት። የላፕቶፔ ድምፅ ማውጫ ተበላሽቶ ስለነበር ድምፅ አልነበረውም። እናቴ ፈገግ አለች። «ደስ ሲሉ! እናትና ልጅ ናቸው አይደል? ምን ተገኝቶ ነው፣ ልትዳር ነው?»

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እናቴ አላጠፋችም። ያሳየኋትን ነው ያየችው። ብርሃን ከግራም ከቀኝም እኩል ሲመጣ ፊት ላይ ጥላ አይቀርም። ጥላ ከሌለ አንዱ ሰው ከሌላው የሚለይበት ነገር የለም። ሁለቱ ሴቶች በፍሬሙ ውስጥ እኩል መጠን አላቸው፣ እኩል ያበራሉ፣ እኩል ይርቃሉ። እንዲህ ያለ ምስል «እነዚህ ሁለት ሰዎች የሚያውቁት አንድ ነው» ነው የሚለው። የኛ ታሪክ ግን አንዷ ማወቋ፣ አንዷ አለማወቋ ነው። ካሜራዬ ገና ከመጀመሪያው ውሸት ተናግሯል።

ይባስ ብሎ ምስሉ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ወደላይ ወደታች ይሄዳል። ይሄኛው የእውቀት ማነስ ነበር። የኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ብዙ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል፣ ዓይን አያየውም እንጂ። ሹተርህን፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ ከዚያ ጋር ካላስማማኸው ካሜራው ያየዋል። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሹተር 1/50። በቃ። የኔ ካሜራ ከፋብሪካው ሲወጣ 1/60 ላይ ነበር፣ እኔም ነክቼው አላውቅም። ሰርግ ላይ የራሴን መብራት ስለምይዝ አልታወቀኝም ነበር። ድጋሚ ለመቅረጽ ለጓደኞቼ ያቀረብኩት ምክንያት ይሄው መስመር ነው። የእናቴን ነገር አልነገርኳቸውም።

ለሁለተኛው ቀረጻ ተዘጋጀሁ ብዬ ፊልም ማየት ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውን «ዘ ጎድፋዘር»ን ሁሉም ይጠራዋል። የቀረጸው ጎርደን ዊሊስ ነው። መብራቱን ከአናት በላይ ሰቅሎ፣ የተዋናዩን የማርሎን ብራንዶን ዓይኖች በቅንድቡ ጥላ ውስጥ ይደብቃቸዋል። ሰውዬው ይናገራል፣ ዓይኑ ግን አይታይም። ምን እያሰበ እንደሆነ አይታወቅም። ደነገጥኩ። መጨለም ይቻላል ለካ!

ምን አደረግኩ? ኮረጅኩ። መብራቱን ኮርኒሱ ላይ አሰርኩ። መስኮቱ ላይ ሰማያዊ ፕላስቲክ ለጠፍኩ። እናትየዋን ከጎን፣ ልጅቷን ከኋላ ያዝኩ። አንድ ሾት ላይ ካሜራውን ትንሽ አዘመምኩት፣ ለሐዘን ብዬ።

ለጓደኛዬ እህት አሳየናት። ጥቂት ደቂቃ አይታ «እንዴ! ቡናው ውስጥ ምን ልትጨምርባት ነው?» አለች።

የእናትየዋን ገጸ ባሕርይ የተጫወቱት ትልቅ ሴት ናቸው፣ ብዙ ዓመት መድረክ ላይ የሠሩ። እትዬ ነው የምንላቸው። ሞኒተሩን አጎንብሰው አዩና «አንተ ልጅ፣ እኔን ይሁዳ አደረግከኝ እኮ» አሉኝ። አልገባኝም። «ቤተ ክርስቲያን አትሄድም እንዴ? ሥዕሉን አይተህ አታውቅም? ቅዱሳኑ ፊት ለፊት ናቸው፣ ሁለት ዓይን አላቸው። ይሁዳ ግን በጎን ነው የሚሳለው፣ በአንድ ዓይን። ሰይጣንም እንደዚያው። አሁን እኔን በአንድ ዓይን አስቀርተኸኝ፣ እሷንም አጨልመህባት፣ ሰው ምን ይበለኝ?»

ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ሥዕል ነው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቼ፣ ከጣሪያው ላይ ቁልቁል የሚያዩኝን የመላእክት ፊቶች አንገቴ እስኪያመኝ ቆሜ አይቻለሁ። ሁሉም ሁለት ዓይን አላቸው። ሁሉም አንተን ያያሉ። ያ የሠዓሊ ስምምነት መሆኑን፣ ማለትም በዓይን ቁጥር ደግና ክፉ የሚለይበት ቋንቋ መሆኑን፣ ማን ነግሮኝ? ካሜራ ከመፈጠሩ በፊት የነበረ ፍሬም ነው። እኔ ከሆሊውድ ልቀዳ ስሮጥ እትዬ ከግድግዳችን ላይ አነበቡልኝ።

ከዚያ ወዲህ «ዘ ጎድፋዘር»ን መልሼ ሳየው ሌላ ነገር ታየኝ። ብራንዶ ተቀምጦ የሚናገርበት ያ ጨለማ ቢሮ ብቻውን አይደለም። ውጭ ሰርግ አለ! ፀሐይ ላይ፣ ጭፈራ፣ ሁሉም የሚያበራበት፣ የኔው ዓይነት ብርሃን። ፊልሙ አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ ውጭ ይላል። ጨለማው ትርጉም ያገኘው ከጎኑ ሰርጉ ስላለ ነው። እኔ ሰርገኛው ሰርጉን ትቼ ጨለማውን ብቻ ሰረቅኩ። የተደበቀ ዓይን ደግሞ «ይህ ሰው ሐሳቡን ከአንተ ከተመልካቹ ይደብቃል» ማለት ነው። የኛ እናት ከተመልካቹ የምትደብቀው የለም። ከልጇ ነው የምትደብቀው። እኛ ዓይኗን ማየት አለብን፣ ልጅቷ ማየት የለባትም። ሥራዬ ይሄ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ሦስተኛውን ከመቅረጼ በፊት ወረቀት ላይ ሁለት ጥያቄ ጻፍኩ። ትዕይንቱ የማን ነው? ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው? የመጀመሪያው መልስ የእናትየዋ ነው። የሁለተኛው መልስ አንድ አምፖልና አንድ መስኮት ነው። ከዚህ ውጪ ያለ መብራት ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ማገዝ አለበት፣ አለዚያ ይጥፋ።

አምፖሉን ከኮርኒሱ በገመዱ አወረድነው፣ ከተቀመጡት ሰዎች ራስ ትንሽ ከፍ እስኪል። እንዲህ ዝቅ ሲል ብርሃኑ በቅንድብ ስር ይገባል፣ ዓይን አይጨልምም። ከዚያ ወደ ልጅቷ አስጠጋነው። እሷ ከአምፖሉ አንድ ሜትር፣ እናትየዋ ሁለት ሜትር። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ብርሃን በግማሽ የሚቀንስ ይመስልሃል፤ ወደ ሩብ ነው የሚወርደው። ስለዚህ በአንዲት አምፖል ብቻ፣ ሌላ ምንም ሳልነካ፣ ልጅቷ ቦግ ብላ እናትየዋ አራት እጥፍ ደብዝዛ ተቀመጠች። የማታውቀው በብርሃን፣ የምታውቀው በዳር። ሳየው ፀጉሬ ቆመ።

ግን ግድግዳው ነጭ ቢጤ ነው። ብርሃኑ እየነጠረ እናትየዋን መልሶ ያበራታል፣ ሒሳቡ ይፈርሳል። ከፍሬሙ ውጪ፣ ከእሷ ጎን፣ ጥቁር ብርድ ልብስ ሰቀልን። ግድግዳው ዝም አለ። ብርሃን መጨመር ሁሉም ያውቃል። ብርሃን መቀነስን ግን የተማርኩት ከዚያ ብርድ ልብስ ነው። ዛሬ አንድ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ምን እንደማጠፋ ነው።

ለዓይኗ ደግሞ ካርቶን ላይ ቁራጭ አቡጀዲ ወጥረን ከፍሬሙ በታች፣ ከጉልበቷ አጠገብ አስቀመጥን። ፊቷን አያበራም፣ ዓይኗ ውስጥ ግን ነጥብ የምታህል ብርሃን ይጥላል። ያቺ ነጥብ ስትኖር ሰውየው እያሰበ ይመስላል። ስትጠፋ ዓይኑ የሞተ ይመስላል። ካርቶኑን ወስዳችሁ መልሳችሁ ሞክሩት፣ ለራሳችሁ ታዩታላችሁ።

አሁን ስለ ነጠላ ላውራ፣ ምክንያቱም የኛን ሰው የሚቀርጽ ሁሉ እዚህ ጋ ይወድቃል። ካሜራውን አውቶማቲክ ላይ ከተውከው ነጩን ነጠላ ያይና «በዝቷል» ብሎ ሁሉን ያጨልማል። የጠይም ሰው ፊት አብሮ ይጠቁራል። ፊቱን አይተህ ብትከፍት ደግሞ ነጠላው ይነድዳል፣ ጥለቱ እንኳ አይታይም። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብርሃኑን ሁልጊዜ ከሰውየው ፊት ላይ ለካ። ነጠላው ተከትሎ ይምጣ። ሁለተኛ፣ አዲስ ነጠላ ወደ ካሜራ ፊት አታምጣ። እኛ ሻይ አፍልተን ነከርነው፣ አጠብነው፣ አሰጣነው። ለዓይን ያው ነጭ ነው። ለካሜራው ግን ግማሽ ያህሉ ንዴቱ በርዷል። እትዬ «ነጠላዬን ቡላ አደረጋችሁት» ብለው ተቆጡ፣ ምስሉን ሲያዩ ግን ዝም አሉ።

ፓውደርም አትቀቡ። ጠይም ቆዳ ውበቱ በወዙ ነው። ብርሃኑ ቆዳው ላይ ሲያርፍ ጉንጭና ግንባር ላይ ትንሽ ሲያንጸባርቅ ነው ፊት ቅርጽ የሚይዘው። ፓውደር ያንን ይገድለውና ፊቱ አመድ ይመስላል። ትንሽ ቫዝሊን፣ በጣት ጫፍ። ከዚያ ሰውየውን ከግድግዳው አርቀው፣ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል። ተለጥፎ ከተቀመጠ ጥላው ከኋላው ይሰቀላል፣ ሁለት ሰው የቀረጽክ ይመስላል።

ካሜራው የት ይቀመጥ? ቡና የሚጠጡ ሰዎች መሬት ለመሬት ናቸው። ቆሜ ስቀርጻቸው ቁልቁል ነበር የማያቸው፣ እንደ ቀበሌ መርማሪ። ጃፓናዊው ዳይሬክተር ያሱጂሮ ኦዙ የቤት ውስጥ ትዕይንቶቹን መሬት ላይ ከሚቀመጥ ሰው ቁመት አካባቢ ይቀርጽ ነበር፣ የነሱ ቤት ምንጣፍ ላይ ስለሚኖርበት። እኛም በርጩማ ላይ ነን። ትሪፖዱን አጥፌ አስቀመጥኩት፣ ካሜራውን ሣጥን ላይ አሳረፍኩት፣ ሌንሱ ከመሬት አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ተመልካቹ አራተኛ ሲኒ የሚጠብቅ እንግዳ ሆነ። አራተኛ ያልኩት ሦስተኛው የአባትየው ስለሆነ ነው።

ሾቶቹን በቡናው ከፈልኳቸው። ይሄን ያመጣው ዳይሬክተራችን ነው፣ ምስጋናው የእሱ ነው።

አቦል ላይ ሁለቱም አንድ ፍሬም ውስጥ ናቸው፣ ሰፊ። መካከላቸው የአባትየው ባዶ በርጩማ አለ። ማንም አይጠቁመውም። እናትየዋ በልማድ ሦስት ሲኒ ትቀዳና አንዷን መልሳ ወደ ጀበናው ትገለብጣለች። ካሜራው አይንቀሳቀስም፣ ወደ ሲኒዋ አይጠጋም። የመጀመሪያ ቀን ቢሆን ኖሮ ሲኒዋን በክሎዝ አፕ አፈርጣት ነበር። ሰፊ ሾት ውስጥ ተመልካቹ ራሱ ሲያገኛት ይበልጥ ትወጋለች። ያላገኛት ያምልጠው።

ቶና ላይ ለየኋቸው። ልጅቷ ብቻዋን፣ እናትየዋ ብቻዋን። ልጅቷን ሳሳይ ከፊቷ ሰፊ ቦታ ተውኩላት፣ ወደምታይበት አቅጣጫ፣ እንደ ደንቡ። ነገ አለኝ የምትል ሰው ናት። እናትየዋን ሳሳይ ግን ደንቡን ገለበጥኩት። ፊቷን ወደ ፍሬሙ ጠርዝ አስጠጋሁት፣ ባዶውን ቦታ ከጀርባዋ ተውኩት። ሰው ከጀርባው ባዶ ቦታ ሲኖር ተመልካች ሳያስበው ያንን ቦታ ያያል፣ የሆነ ነገር እንዳለ ይሰማዋል። እዚያ ቦታ ላይ ሚስማር አለ፣ ሚስማሩ ላይ የአባትየው ጋቢ ተሰቅሏል። ካሜራውን ከመስመሩ ወዲህ ማዶ አላሻገርኩትም። በሁለቱ ሰዎች መካከል የተዘረጋ ገመድ አለ በሉ፣ ካሜራው ከገመዱ በአንድ በኩል ይቅር። በሁለተኛው ቀረጻ ተሻግሬ ነበር፣ እናትና ልጅ ለየብቻ ግድግዳ የሚያናግሩ ይመስሉ ነበር።

በረካ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ የሚሆነው፣ እዚህም ጋ ነው ያለ ኃፍረት የወሰድኩት። እ.ኤ.አ. በ1941 በወጣው የኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ። ካሜራው አጠገብ እናት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ትፈርማለች፣ ልጇን ለባንክ ሰው አሳልፋ ልትሰጥ። ልጁ በመስኮቱ በኩል በሩቅ ይታያል፣ በረዶ ላይ ይጫወታል። ዕጣው እየተቆረጠ እንደሆነ አያውቅም። ግሬግ ቶላንድ ሲቀርጸው ቅርቡንም ሩቁንም እኩል ጥርት አድርጎ ነው። ሳየው ይሄ የኛ መርዶ ነው አልኩ። የማያውቀውንና የሚያውቁትን አንድ ፍሬም ውስጥ ማስቀመጥ!

እኛ ገለበጥነው። ልጅቷ ከፊት፣ ትልቅ፣ በብርሃን። የመጨረሻውን ሲኒ ይዛ ትስቃለች። ከትከሻዋ በስተኋላ በሩ ገርበብ ብሏል። በክፍተቱ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች አንድ በአንድ ግቢው ውስጥ ይቆማሉ። ድምፅ የለም። እሷ ጀርባዋን ሰጥታቸዋለች።

እንደ ቶላንድ ሁሉን ጥርት ለማድረግ ስሞክር አቅሜን አወቅኩ። አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ፣ ከኤፍ 2 ወደ ኤፍ 8 ማጥበብ ነበረብኝ። ያ አራት ስቶፕ ነው። አንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ስለሚቀንሰው 16 እጥፍ ብርሃን ያስፈልጋል ማለት ነው። ከየት ይምጣ? አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ሳወጣው ምስሉ ሽሮ ሆነ። ተውነው። ሴቶቹ ብዥ ብለው ቀሩ። ዞሮ ዞሮ ለኛ ሰው ከንጋት በፊት ግቢ ውስጥ የቆመ ነጭ ነጠላ ጥርት ማለት አያስፈልገውም። ቅርጹ ይበቃል። ለኢትዮጵያዊ ያልሆነ ተመልካች ይግባው አይግባው ተከራክረናል። ዳይሬክተሩ አሁንም አይገባውም ባይ ነው። እኔ ግድ አልሰጠኝም።

መስኮቱን ረስቼ ነበር። አምፖሉ ቢጫ ነው፣ 3000 ኬልቪን አካባቢ። ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያድግ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የቀን ብርሃን 5600 ገደማ ነው፣ ፀሐይ ሳትወጣ ደግሞ ከዚያም በላይ ሰማያዊ ይሆናል። ካሜራውን ለአምፖሉ ካስተካከልከው አምፖሉ ነጭ ይሆናል፣ ለቀኑ ካስተካከልከው ደግሞ ሰዉ ብርቱካን ይሆናል። 4000 ላይ አቆምኩት። ቤቱ ሞቅ አለ፣ መስኮቱ ቀዘቀዘ። እውነተኛ ንጋት አንድ ሰዓት አይጠብቅህም፣ እዚህ ምድር ወገብ አካባቢ ደግሞ ቶሎ ነው የሚነጋው። ስለዚህ ከመስኮቱ ውጪ ኤልኢዲውን አቁመን በአቡጀዲ ጋረድነው። አቦል ላይ ጠፍቷል። ቶና ላይ በጭንቅ ይታያል። በረካ ላይ ሰማያዊው የእናትየዋን ትከሻ ነክቷል። ሰዓቱ እየደረሰ መሆኑን የሚናገር ሌላ ነገር ትዕይንቱ ውስጥ የለም። ልጅቷ እስከ መጨረሻው አምፖሉ ውስጥ ነች።

ዕጣኑ አስቸገረን። ጭስ ጥሩ ነው፣ አምፖሉ ከካሜራው ማዶ ስለሆነ ጭሱ መሃል ገብቶ ያበራል፣ ብርሃኑን ራሱን ታየዋለህ። ግን አንዱ ሾት ላይ ወፍራም፣ ቀጣዩ ላይ ስስ ይሆናል፣ ስትቀጥለው ይዘላል። መስኮት ዝጋ፣ አጭስ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቅ፣ ቅረጽ። ድምፅ ቀራጫችን በሳል ሞተ።

ከቤት ውጪ የቀረጽነው አንድ ትዕይንት ብቻ ነው፣ ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም። ሚያዝያ ነበር። አዲስ አበባ ላይ በሚያዝያ እኩለ ቀን ፀሐይ አናትህ ላይ ቀጥ ትላለች፣ ዓይን ሁሉ ጉድጓድ ይሆናል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ጨርሱ፣ ወይ 10 ሰዓትን ጠብቁ። በመሃል ያለውን ሰዓት ለምሳና ለጭቅጭቅ ተዉት።

ሦስተኛውን አቀናብሬ ስጨርስ ላፕቶፑን ይዤ እናቴ ጋ ሄድኩ። ድምፅ ማውጫው ተሠርቶ ነበር፣ ግን ሆን ብዬ ዘጋሁት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። አቦል አለፈ። ምንም አላለችም። ቶና ላይ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። በሩ ገርበብ ሲል፣ ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ሲቆሙ፣ ወደ እኔ ዞረች።

«ሊነግሯት ነው?» አለችኝ።

አዎ አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አደረገች። ቡናው ሲቀዳ የሚያሳየው ሾት ላይ መልሳ አስቆመችኝ።

«ይሄ ግን ቡና አይደለም፣ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። እንፋሎት የለውም።»

ቡናው የፈላ ነበር፣ እጄንም አቃጥሎኛል። ያቺን አንድ ሾት ስንቀርጽ ቦታ ጠቦን መብራቱን ከፊት አድርገነው ነበር። እንፋሎትና ጭስ ደግሞ ብርሃን ከኋላ ካልመጣላቸው በደንብ አይታዩም። ቅዳሜ ጀበናውን ይዘን ተመልሰን ሄድን።